የድንጋይ ፊቶችን ፎቶግራፍ ያነሣ ሰው፤ የኤዤን አትዤ የሕይወት ታሪክ

ለዘንድሮው መጽሔታችን የአንድ ስመ ጥር ሰው ታሪክ እንድጽፍ አዘጋጆቹ በጠየቁኝ ጊዜ፣ የክፍል ጓደኞቼ ነገሥታቱን፣ የጦር አለቆቹንና የሳይንስ ሊቃውንቱን አስቀድመው ተከፋፍለዋቸው ነበር። እኔም ምንም ቅር ሳይለኝ የመረጥሁት ጦር ያልመራ፣ አዲስ ነገር ያልፈለሰፈ፣ ከባድ ሣጥን ተሸክሞ በአንድ ከተማ መንገዶች ሲዞር የኖረ ሰው ነው። ይህ ሰው የታወቀው የትልልቅ ሰዎችን መልክ በማንሣት አይደለም። የበር ማንኳኪያውን፣ የእንጨት ደረጃውን፣ የብረት አጥሩን፣ ከደጃፍ በላይ የተቀረጸውን የድንጋይ ፊት፣ በጠቅላላው መንገደኛ ቀና ብሎ የማያየውን ነገር ፎቶግራፍ በማንሣት ነው እንጂ። ስሙ ኤዤን አትዤ ይባላል፤ አገሩ ፈረንሳይ፣ የሥራው ቦታ ፓሪስ ነው። አንባቢ እንዳይሳሳት፣ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አትዤ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1857 በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ሊቡርን በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ሠረገላ ሠሪ ነበረ። ልጁ አምስት ዓመት ሲሆነው አባቱ ሞተ፤ ጥቂት ቆይታ እናቱም ተከተለችው። ስለዚህ በእናቱ ወገን ያሉት አያቶቹ ወስደው በቦርዶ ከተማ አሳደጉት።

ስለ ቦርዶ ጥቂት ልናገር፤ ለታሪኩ ያስፈልጋልና። ቦርዶ የወይን ጠጅና የመርከብ ንግድ ያበለጸጋት የወደብ ከተማ ናት። በ18ኛው መቶ ዓመት ባለጸጎቿ ቤታቸውን በጥርብ ድንጋይ ሲያሠሩ፣ ከየበሩና ከየመስኮቱ ቅስት በላይ፣ ቅስቱን አጥብቆ በሚይዘው መካከለኛ ድንጋይ ላይ ፊት ያስቀርጹ ነበር። እንዲህ ያለውን ፊት ፈረንሳዮች ማስካሮን ይሉታል፤ ቃሉ ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን ትልቅ ጭምብል ማለት ነው። በጥንት ጊዜ ክፉ መንፈስ ወደ ቤት እንዳይገባ ማስፈራሪያ እንዲሆን ይቀረጽ ነበር ይባላል፤ እየቆየ ግን ጌጥ ሆነ። በቦርዶ ወደ 3,000 የሚጠጉ እንዲህ ያሉ ፊቶች አሉ። ጢሙ የተንዠረገገ የባሕር አምላክ፣ ራሱ ላይ የወይን ሐረግ የጠመጠመ ሰካራም፣ የምትስቅ ሴት፣ አፉን የከፈተ ጋኔን፣ አንበሳ፣ ሁሉም ከላይ ሆነው አላፊ አግዳሚውን ይመለከታሉ። ከነዚህም መካከል የአፍሪካ ሰዎች ፊት ይገኛል። በ18ኛው መቶ ዓመት በተሠራው፣ ዛሬ ፕላስ ደ ላ ቡርስ በሚባለው አደባባይ ላይ የአንዲት ጥቁር ሴት ፊት ተቀርጾ ይታያል። የቦርዶ ነጋዴዎች ሰውን እንደ ዕቃ ገዝተው ለመሸጥ ከ400 ጊዜ በላይ መርከብ ወደ አፍሪካ ጠረፍ ልከዋል፤ ያቺም ሴት በዚያ ንግድ በከበረች ከተማ ግንብ ላይ ሆና እስከ ዛሬ አለች። የነዚህን ፊቶች ፎቶግራፍ ሳገላብጥ ከሁሉ ይልቅ ዓይኔ የቆየው በእርሷ ላይ ነው። አትዤ ልጅነቱን ያሳለፈው እንግዲህ በእንደዚህ ያለ ከተማ ነበረ።

ትምህርቱን ሲጨርስ በንግድ መርከብ ላይ ተቀጥሮ በባሕር ሠራ። በ1878 ፓሪስ ገባ። ሐሳቡ የቴያትር ተጫዋች መሆን ነበር። የቴያትር ትምህርት ቤቱን መግቢያ ፈተና በመጀመሪያው ጊዜ ወደቀ፤ በሁለተኛው አለፈና በ1879 ተቀበሉት። ይሁን እንጂ በዚያው ጊዜ የውትድርና ግዴታውን ይፈጽም ስለ ነበር ትምህርቱን እንደሚገባ መከታተል ስላልቻለ በ1881 ተሰናበተ። ከዚያ በኋላ ከከተማ ወደ ከተማ ከሚዘዋወር የቴያትር ጓድ ጋር አነስተኛ ሚና እየተጫወተ ኖረ። በዚሁ ኑሮ ላይ ሳለ በ1886 ቫለንቲን ኮምፓኞን ከምትባል ተዋናይት ጋር ተዋወቀ፤ እርሷም 40 ዓመት ያህል የኑሮው ጓደኛ ሆነች። በ1887 ግን የጉሮሮ በሽታ ድምፁን ስለ ጐዳው መድረኩን ለመተው ተገደደ። ሥዕል ሞከረ፤ አልሆነለትም። ዕድሜው 30 ሲሞላ እንግዲህ መርከበኛም፣ ተዋናይም፣ ሠዓሊም መሆን ሳይሆንለት ቀርቶ ነበር። ከኛ መካከል አንዳንዱ ገና በ17 ዓመቱ ምን እንደምሆን አላወቅሁም ብሎ ሲተክዝ ስሰማ፣ ይህን የአትዤን ዕድሜ ቁጠርልኝ ልለው ይቃጣኛል።

ፎቶግራፍ አንሺነትን የጀመረው ለእንጀራው ነበር። ሠዓሊዎች ዛፍ፣ አበባ፣ ጋሪ፣ የቤት ፊት ለፊት መሣል ሲፈልጉ እያዩ የሚገለብጡት ነገር ያሻቸዋል፤ ሁልጊዜ ወደ ሜዳ መውጣት ግን አይመቻቸውም። አትዤ ይህን ተመልክቶ የሚፈልጉትን ነገር እያነሣ ሊሸጥላቸው አሰበ። ወደ 1890 ገደማም በበሩ ላይ ለሠዓሊዎች ሰነድ የሚሸጥበት ቤት መሆኑን የሚገልጽ ሰሌዳ ሰቀለ። ሰነድ የሚለውን ቃል አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ እስኪሞት ድረስ ሥራውን የጠራው በዚሁ ስም ነውና።

በዚያን ዘመን አሮጌው ፓሪስ እየጠፋ ነበር። ከ1853 ጀምሮ ባሮን ኦስማን በናፖሌዎን ሣልሳዊ ትእዛዝ ጠባብ ሰፈሮችን እያፈረሰ ሰፋፊ ጐዳናዎች ዘርግቶ ነበር፤ እርሱ ከሥልጣን ከወረደ በኋላም ማፍረሱ አልቆመም። የመሬት ውስጥ ባቡር መንገድ ቁፋሮ ደግሞ በ1898 ተጀመረ። ስለዚህ ከተማይቱ በ1897 የአሮጌውን ፓሪስ ቅርስ የሚከታተል ኮሚሲዮን አቋቋመች፤ የአሮጌ ቤት ሥዕልና ፎቶግራፍ የሚሰበስብም ሰው በዛ። አትዤ ዛፍና አበባውን ትቶ ወደ አሮጌው ከተማ የዞረው በዚህ ጊዜ ነው። በ1899 ሞንፓርናስ በሚባለው ሰፈር በካምፓኝ ፕሬሚዬር መንገድ 17 ቁጥር ቢስ ገብቶ ቤቱንም ሥራ ቤቱንም እዚያው አደረገ፤ እስከ ዕለተ ሞቱም ከዚያ አልወጣም።

ስለ መሣሪያው መናገር አለብኝ፤ የሰውየው ትዕግሥት የሚታወቀው በዚህ ነውና። ካሜራው ከእንጨት የተሠራ፣ እንደ አኮርዲዮን የሚዘረጋና የሚታጠፍ ወናፍ ያለው ትልቅ ሣጥን ነበር። አያቶቻችን የሚያስታውሱት፣ ባለ ሦስት እግር ሆኖ አንሺው ራሱን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኖ የሚመለከትበት ዓይነት ነው። ፊልም የለውም፤ ምስሉ የሚያርፈው 18 በ24 ሳንቲ ሜትር በሆነ የመስታወት ሰሌዳ ላይ ነው። ሣጥኑ፣ እግሩና መስታወቶቹ ተደምረው ከ15 ኪሎ አያንሱም። ይህን ሁሉ ተሸክሞ ገና ሲነጋ ይወጣ ነበር፤ በዚያ ሰዓት መንገዱ ባዶ ነው፤ ብርሃኑም የለሰለሰ ነው። ሌንሱ ለብዙ ጊዜ ክፍት ሆኖ መቆየት ስላለበት የሚንቀሳቀስ ሰው ቢያልፍ እንደ ጭስ ሆኖ ይቀራል ወይም ጨርሶ አይታይም። በፎቶግራፎቹ ላይ ፓሪስ ሰው የሌለባት ከተማ የምትመስለው አንደኛው ምክንያት ይህ ነው።

የተቀረጸ ፊት ማንሣት ከሁሉ የሚከብደው ከፍ ብሎ ስለሚገኝ ነው። ማናችንም በስልካችን ወደ ላይ አንጋጠን ሕንፃ ብናነሣ ግድግዳው ወደ ኋላ የወደቀ ይመስላል፤ ፊቱም ከአገጩ ሥር የታየ ይሆናል። የአትዤ ካሜራ ግን አይንጋጠጥም። ሣጥኑ ቀጥ ብሎ እንደ ቆመ ሌንሱ ያለበት የፊት ሰሌዳ ብቻ ወደ ላይ ከፍ ይላል፤ በዚህም ዘዴ ግድግዳው ሳይጣመም ከፍ ያለው ነገር ወደ ምስሉ ይገባል። ሌንሱ ከመጠን በላይ ከፍ ሲል ብርሃኑ የመስታወቱን ሁለቱን የላይኛ ማዕዘኖች መሸፈን ስለማይችል እነርሱ ጠቁረው እንደ ቅስት ይከበባሉ። በብዙ ፎቶግራፎቹ ላይ ይህ ጥቁር ቅስት ይታያል። ሌላ ባለሙያ ቢሆን ይቈርጠው ነበር። አትዤ እንዳለ ተወው፤ ገዢው የሚፈልገው ፊቱን ነው፤ ፊቱም ጥርት ብሎ ወጥቷል።

ብርሃኑም ሌላ ችግር ነው። ፀሐይ ፊት ለፊት ከመታው ድንጋይ ዝርግ ሆኖ ይቀራል፤ አፍንጫውና ግንባሩ አይለይም። ብርሃን ከጎን ሲመጣ ግን የዓይኑ ጉድጓድ ይጠልቃል፤ ጉንጩ ይነሣል፤ ጠራቢው በመሮ የሄደበት መንገድ ሁሉ ይታያል። ይህን ካነበብሁ በኋላ አንድ የጂፕሰም ጭምብል በመስኮት አጠገብ አስቀምጬ ከጠዋት እስከ ማታ በየሰዓቱ አነሣሁት። እናቴ አሥሩን ፎቶግራፍ በተራ ስታይ አሥር ልዩ ልዩ ጭምብል መስሏት ነበር።

ያነሣውን መስታወት ቤቱ ወስዶ ያጥበዋል፤ ከዚያም ወረቀቱን ከመስታወቱ ጋር በክፈፍ አጣብቆ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። ምስሉ ቀስ እያለ በፀሐይ ኃይል ይወጣል። በየመስታወቱ ላይ ቁጥር ይጭራል፤ በየወረቀቱ ጀርባ የመንገዱንና የቤቱን ስም በእርሳስ ይጽፋል። በዚህ ዓይነት በዕድሜው ከ8,000 በላይ ምስል አነሣ።

ከአነሣቸው ቤቶች አንዱ በማሬ ሰፈር ያለው ኦቴል ደ ቦቬ ነው። ኦቴል ሲባል ማደሪያ ሆቴል ማለት እንዳይመስላችሁ፤ በድሮ ፈረንሳይኛ የባለጸጋ የከተማ ቤት ማለት ነው። ይህ ቤት ከ1655 እስከ 1660 ለካተሪን ቤልዬ ተሠራ፤ እርሷም የንግሥት አን ደንገጡር ነበረች። በቤቱ ላይ የበግ አውራ ራስ ተቀርጾ ይታያል። ምክንያቱ ቀልድ ነው፤ በፈረንሳይኛ የበግ አውራ ቤልዬ ይባላልና የወይዘሮይቱ ስም በድንጋይ ተጻፈ ማለት ነው። በግ ብለው ያላገጡ ቢኖሩ እንኳ በጎቹ እስከ ዛሬ ቤቱን ይጠብቃሉ። ሞዛርት በሰባት ዓመቱ በ1763 ፓሪስ ሲመጣ ያረፈው በዚሁ ቤት ነበር።

የበር ማንኳኪያ ደግሞ አትዤ አብዝቶ የሚያነሣው ነገር ነው። ቀለበት የነከሰ የአንበሳ ራስ፣ የሴት ፊት፣ የተጠመጠመ እባብ፣ ሁሉንም ቀርቦ ሰሌዳውን ሞልቶ ያነሣል። እነዚህን የሚገዙት ብረት ሠሪዎችና የቤት ጌጥ ባለሙያዎች ነበሩ፤ አምሳያውን ሊሠሩበት ይፈልጉታል። ሌሎቹ ገዢዎቹ መሐንዲሶች፣ የቴያትር መድረክ ሠሪዎች፣ በኋላም የፓሪስ ከተማ የታሪክ ቤተ መጻሕፍት፣ የካርናቫሌ ሙዚየም፣ የአገሪቱ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና በለንደን ያለው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ናቸው። ምስሉን በየዓይነቱ እየለየ በደብተር ያዘጋጅላቸው ነበር፤ የቤት ውስጥ፣ የሱቅ ምልክት፣ የጋሪ፣ የከተማ ቅጥር እያለ።

እዚህ ላይ በክፍላችን የተነሣውን ክርክር ልንገራችሁ። አንድ ጓደኛዬ ይህ ሰው ነጋዴ እንጂ የጥበብ ሰው አይደለም፤ ያነሣው ሌላው የቀረጸውን ነው፤ ያነሣውም ገዢ ስላለ ነው ብሎ ተከራከረኝ። እውነቱን ነው፤ ገዢ ነበረው። እኔ ግን ሰውየውን ያከበርሁት በዚሁ ምክንያት ነው። ብረት ሠሪው አምሳያውን እንዲሠራበት ከተፈለገ ማንኳኪያው በትክክል መታየት አለበት፤ ምስሉ ከደበዘዘ ገንዘብ የለም። ይህ ግዴታ ነው ዓይኑን የሳለው። በዚያ ዘመን ራሳቸውን የጥበብ ሰው ብለው የሚጠሩ ፎቶግራፍ አንሺዎች ምስላቸው ሥዕል እንዲመስል ሆን ብለው ያደበዝዙት ነበር፤ ዛሬ የእነርሱን አይቼ የድንጋዩን ዓይነት እንኳ መለየት አልችልም። በአትዤ ምስል ላይ ግን የጠራቢው ሥራ እስከ መሮው ጭረት አለ። ስሙ ያልታወቀ ጠራቢ ሥራ ስሙን ለማሳወቅ ባልፈለገ አንሺ እጅ ወደ እኛ ደረሰ። ጓደኛዬ እስካሁን አልተረታልኝም፤ ይህን ሲያነብ ምን እንደሚል አያለሁ።

በ1914 ታላቁ ጦርነት ተጀመረ። የቫለንቲን ልጅ ሌዎን በዚያው ዓመት በጦር ሜዳ ሞተ። ገዢ ጠፋ፤ አትዤም ሥራውን እያቀዘቀዘ ሄደ፤ መስታወቶቹንም ጉዳት እንዳያገኛቸው በምድር ቤት አኖራቸው። ጦርነቱ ሲያልቅ ከ60 ዓመት አልፎት ነበር። ወራሽ ልጅ የለውም፤ ሥራውን የሚቀጥልለት ተማሪም የለውም። የሚያስጨንቀው ያ ሁሉ መስታወት ዋጋውን በማያውቅ ሰው እጅ ወድቆ ለማንም ሳይጠቅም እንዳይጠፋ ነው። ይህንኑ ጭንቀቱን በ1920 ለመንግሥቱ የጥበብ ሥራዎች ኃላፊ ለፖል ሌኦን ጻፈ። በደብዳቤው ከ20 ዓመት በላይ በአሮጌው ፓሪስ መንገዶች ሁሉ በግል ጥረቱ የሰበሰበውን ቈጠረ፤ ከ16ኛው እስከ 19ኛው መቶ ዓመት የተሠሩ ቤቶችን፣ በሮችን፣ ማንኳኪያዎችን፣ ፏፏቴዎችን፣ ደረጃዎችን ዘረዘረ፤ አሮጌው ፓሪስ በሙሉ በእጄ ነው ለማለትም ደፈረ። መንግሥት 2,621 መስታወት በ10,000 ፍራንክ ገዛው። ለአንዱ መስታወት አራት ፍራንክ እንኳ አይደርስም። የሆነ ሆኖ ስብስቡ ከመጥፋት ዳነ።

ይህ ገንዘብ በእጁ ሲገባ አትዤ የሚያርፍ መስሎኝ ነበር። እርሱ ግን ካሜራውን ተሸክሞ ወደ ቬርሳይ፣ ወደ ሴን ክሉና ወደ ሶ የድሮ የቤተ መንግሥት አትክልት ቦታዎች መሄድ ጀመረ። በዚያ የዝናብና የዘመን ብዛት ያሳረራቸውን የእብነ በረድ ምስሎች፣ ጌጠኛ ማሰሮዎችና ኩሬዎች አሁን ማንም ሳያዝዘው አነሣ። ብዙ ሰዎች ከሥራዎቹ ሁሉ የሚያስበልጡት ይህን የሽምግልናውን ሥራ ነው።

በዚያው በካምፓኝ ፕሬሚዬር መንገድ ማን ሬይ የሚባል አሜሪካዊ ሠዓሊና ፎቶግራፍ አንሺ ይኖር ነበር። አዲስ ነገር ከሚወዱት ከሱሪያሊስቶቹ ወገን ነው። ከአትዤ ፎቶግራፎች እየገዛ በ1926 ጥቂቶቹን በሱሪያሊስቶቹ መጽሔት ላይ አወጣቸው። አንደኛው የሽፋን ሥዕል ሆነ፤ በአፕሪል 1912 የፀሐይ ግርዶሽ በሆነ ጊዜ የፓሪስ ሰዎች በባስቲል አደባባይ ተሰብስበው ወደ ሰማይ ሲያንጋጥጡ የሚያሳይ ነው። አትዤ ስሙ እንዳይጻፍበት ጠየቀ፤ የሚሠራው ሰነድ እንጂ ሌላ ነገር አይደለም ብሎ ያምን ነበርና። ሥዕሉም ያለ ስም ወጣ።

በዚያው በ1926 ቫለንቲን ሞተች፤ አትዤም ብቻውን ቀረ። ቤረኒስ አቦት የምትባል ወጣት አሜሪካዊት ፎቶግራፍ አንሺ የማን ሬይ ረዳት ሆና ስትሠራ የአትዤን ሥራ አይታ እየተመላለሰች ትጠይቀው ነበር። በ1927 መልኩን ልታነሣው ወደ ሥራ ቤቷ ጋበዘችው። በተጣጣፈ የሥራ ልብሱ ይመጣል ብላ ስትጠብቅ ጥሩ ካፖርት ለብሶ መጣ። ምስሉ ላይ ትከሻው የጐበጠ፣ ዓይኑ የነቃ ሽማግሌ ይታያል። ፎቶግራፉን አጥባ ይዛለት ስትሄድ ግን አላገኘችውም፤ ኦገስት 4 ቀን 1927 በ70 ዓመቱ ሞቶ ነበር።

በቤቱ የቀረው ሁሉ ከቴያትር ዘመኑ ጀምሮ ወዳጁ በሆነው በአንድሬ ካልሜት እጅ ገባ። አቦት ሰውየውን ፈልጋ አገኘችው፤ አሜሪካዊው ጁልየን ሌቪ በገንዘብ ረድቷት በ1928 ከ1,000 የሚበልጡ መስታወቶችና በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ፎቶግራፎች ገዛች። ዕቃውን ወደ ኒው ዮርክ ወስዳ 40 ዓመት ያህል ጠበቀችው፤ በ1930 የመጀመሪያውን የአትዤ መጽሐፍ አሳተመች፤ በ1968 ስብስቡ የኒው ዮርክ ዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ሆነ። እኔ እስከማውቀው ድረስ በጥበብ ታሪክ ውስጥ አንዲት የ29 ዓመት ሴት እንደዚህ ያለ ብድር የገባችለት ሌላ ሽማግሌ የለም።

አትዤ ካነሣቸው ሕንፃዎች ብዙዎቹ ዛሬ የሉም። በሬን መንገድ 50 ቁጥር ኩር ዱ ድራጎን የሚባል ግቢ ነበር፤ ከበሩ በላይ ክንፉን የዘረጋ ዘንዶ ተቀርጾበታል። ግቢው በ20ኛው መቶ ዓመት ፈረሰ። ዘንዶው ወደ ሉቭር ሙዚየም ተወስዶ በቦታው በተሠራው አዲስ ሕንፃ ላይ አምሳያው ተሰቅሏል፤ በሩ ከነቅስቱ፣ ከሥሩ ካሉት ሱቆችና ከመንገዱ ድንጋይ ጋር የሚታየው ግን በአትዤ ፎቶግራፍ ላይ ነው። በ1908 በቱርኔል ወንዝ ዳር መንገድ 63 ቁጥር ያነሣው አንድ መጠጥ ቤትም አለ፤ ስሙ ከበሮው ይባላል። በበሩ መስታወት ውስጥ ሰው ቆሞ ወደ ውጭ ይመለከታል። በዚያው መስታወት ላይ፣ ልብ ብሎ ላየው፣ ባለ ሦስት እግሩ ካሜራ ከነጥቁር ጨርቁ ይታያል።